ግብረ ገብ፣ አደብ፣ ሞራል፦ የቃላቱ ምንጭና በደሴና በኮምቦልቻ ለሚካሄድ ጥናት ያላቸው ፋይዳ

«የአካባቢው ወጣቶች ሞራል በምን ደረጃ ላይ ይገኛል?» የሚል ጥያቄ ደሴ ፒያሳ ላይ ለሚገኝ ሥራ ፈላጊ ወጣት ቢቀርብለት የሚሰጠው መልስ አስቀድሞ ሊገመት ይችላል። ሥራ መጥፋቱን፣ ኑሮ መወደዱን፣ ከጦርነቱ ወዲህ የሰው ተስፋ መቀዝቀዙን አውስቶ «ሞራላችን ወድቋል» ይላል። መልሱ ትክክለኛ አማርኛ ነው፤ እውነትም ሊሆን ይችላል። ጠያቂው ሊያውቅ የፈለገው ግን ወጣቱ ስለ ሐቀኝነት፣ ስለ አደራና ስለ ጉርብትና ያለውን አቋም ነበር። ሁለቱ ሳይገናኙ መልሱ ወደ ሠንጠረዥ ይገባል፤ ከሠንጠረዡም «የወጣቱ ግብረ ገብነት አሽቆልቍሏል» የሚል ድምዳሜ ይወጣል። የተስፋ መቍረጥ መረጃ የብልሹነት መረጃ ተብሎ ተነበበ ማለት ነው።

መጠይቅን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መመለስ በብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች ዘንድ እንደ ጽሕፈት ሥራ የሚቈጠር፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚታለፍ ጉዳይ ነው። ርእሱ የምርት መጠን ወይም የመንገድ ርዝመት ሲሆን ጉዳቱ ቀላል ሊሆን ይችላል። ርእሱ መልካምና ክፉን መለየት ሲሆን ግን የሚለካውን ነገር የሚወስነው ራሱ ቃሉ ነው። በደቡብ ወሎ፣ በተለይም በደሴና በኮምቦልቻ ከተሞች፣ ለዚህ ሐሳብ ቢያንስ አራት ቃላት ጎን ለጎን ያገለግላሉ፦ ግብረ ገብ፣ ሥነ ምግባር፣ አደብ እና ሞራል። አራቱ አንድን ነገር በአራት ስም የሚጠሩ መስለው ቢታዩም ምንጫቸው፣ አገልግሎታቸውና የሚቀሰቅሱት ሐሳብ የተለያየ ነው።

አስቀድሞ አንድ ጥንቃቄ መጥቀስ ያሻል። የአንድ ቃል ጥንተ ምንጭ የዛሬ ትርጕሙ አይደለም፤ ቃልን በሥሩ ብቻ መፍታት የታወቀ ስሕተት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚቀርበው የሥርወ ቃል ሐተታ ተቀባይነት የሚኖረው ሥሩ ዛሬም በሕያው ንግግር ውስጥ ሲሠራ በሚታይበት ቦታ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ቦታ ከሚጠበቀው በላይ ብዙ ነው።

ሲሴሮ ያበጀው ቃል

«ሞራል» በተወለደበት ቋንቋም ቢሆን የትርጕም ውጤት ነው። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ገደማ ስለ ዕጣ ፈንታ በጻፈው ድርሳን ውስጥ ግሪኮች «ኤቲኬ» የሚሉትን የፍልስፍና ዘርፍ በላቲን የሚጠራበት ቃል ስላላገኘ «ሞስ» ከሚለው ስም «ሞራሊስ» የሚል አዲስ ቅጽል ፈጠረ። «ሞስ» ልማድ፣ ወግ ማለት ሲሆን በብዙ ቍጥር «ሞሬስ» ሲባል ጠባይን፣ አኗኗርን ያመለክታል። የግሪኩ ቃልም ተመሳሳይ መነሻ አለው። አሪስጣጣሊስ በኒቆማኮስ ሥነ ምግባር ሁለተኛ መጽሐፍ የጠባይ በጎነት ስሙን ያገኘው ልማድ ከሚለው ቃል በጥቂት ለውጥ መሆኑን ይናገራል። ከዚያ ቀደም በሆሜር ዘንድ አናባቢው ረዘም የሚለው «ኤቶስ» እንስሳት ዘወትር የሚመለሱበትን ስፍራ ያመለክት ነበር። እንግዲህ በአውሮፓ ቋንቋዎች የሐሳቡ ማሠሪያ ልማድ ነው፤ ሰው ደጋግሞ የሚያደርገው፣ ደጋግሞ የሚመለስበት።

ቃሉ ወደ አማርኛ ሲደርስ ግን ሌላ ነገር አጋጥሞታል። በፈረንሳይኛም በጣሊያንኛም ሁለት የተለያዩ ስሞች አሉ፤ የሚለያዩት በፆታ ነው። በአንስታይ ፆታ ሲነገር መልካምና ክፉን የሚለየው ሥርዐት ነው፤ በተባዕታይ ፆታ ሲነገር የመንፈስ ብርታት፣ ወኔ ነው። እንግሊዝኛ ሁለቱን በመጨረሻ ፊደልና በድምፅ አጣጣል ይለያቸዋል። አማርኛ ለሁለቱም «ሞራል» አለ። ሆኖም በዕለት ተዕለት ንግግር ያሸነፈው ሁለተኛው ትርጕም ነው፤ «ሞራል ሰጠው»፣ «ሞራሉ ተነካ»፣ «የሞራል ድጋፍ» ሲባል ማንም ስለ በጎነት አያስብም። የእግር ኳስ ተመልካች ለቡድኑ የሚሰጠው ሞራል ወኔ ነው።

የሕግ ቋንቋ ደግሞ የመጀመሪያውን ትርጕም ይዞ ቀርቷል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 እና 27 የግል ሕይወትና የሃይማኖት ነጻነት በሕግ ሊገደቡ የሚችሉባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝር የሕዝብን ሞራል መጠበቅን ይጨምራል። እዚህ ላይ ሞራል ማለት የሕዝብ ወኔ ሊሆን አይችልም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንጻሩ በአውሮፓ ሕግ «ሞራላዊ» የሚባለውን ጉዳት «የሕሊና ጉዳት» ብሎ መጥራቱ የተሻለ ምርጫ ይመስላል። ሕሊና «ኀለየ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ፣ በመጀመሪያ ሐሳብ ማለት የነበረ ቃል ነው። ቢያንስ ከኳስ ሜዳ ጋር አይምታታም።

የ«ግብር» ዘሮች

ግብረ ገብ የሚለው ጥምር ቃል የመጀመሪያ ክፍሉ የግእዝ ነው። «ገብረ» አደረገ፣ ሠራ ማለት ነው። ከዚህ ሥር ግብር፣ ምግባር፣ ተግባር፣ ገበሬ፣ ግብርና፣ ገብር፣ ገባር ይወጣሉ። በዛሬው አማርኛ «ግብረ» እያለ የሚጀምር ጥምር ቃል በአመዛኙ ድርጊትን ይዞ ይገኛል፦ ግብረ ሰናይ መልካም ሥራ ነው፤ ግብረ አበር በሥራ የተባበረ፣ አብዛኛውን ጊዜም በክፉ ሥራ የተባበረ ነው፤ ግብረ ኃይል ለአንድ ሥራ የተመደበ ቡድን ነው። ግብረ ገብም ከዚሁ ረድፍ ነው። የላቲኑ ቃል ልማድን መነሻ ሲያደርግ የአማርኛው ድርጊትን መነሻ አደረገ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ልማድ ያለ ውሳኔ ሊፈጸም ይችላል፤ ግብር ግን ሠሪ ይፈልጋል።

ይሁን እንጂ ይኸው ሥር ሌላ ፊት አለው። ግብር ለባለ ሥልጣን የሚከፈል ነው፤ ገባር ከፋዩ ነው፤ ገብር ባሪያ ወይም አገልጋይ ነው። ቃሉ የነጻ ሰው ድርጊትንም የተገዢ ሰው ግዴታንም በአንድ አፍ ይናገራል። የዘመናዊ ትምህርት ቤት ታሪክ የሚያሳየው ሁለተኛው ፊት ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን መሸፈኑን ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ግብረ ገብ ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ነበር፤ ይዘቱም እግዚአብሔርን ከመፍራት፣ ንጉሥን ከማክበርና ወላጅን ከመታዘዝ ጋር የተሳሰረ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ቦታውን የፖለቲካ ትምህርት ወሰደው። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት መጣ። በቅርቡ በተዘጋጀው ሥርዐተ ትምህርት ደግሞ ግብረ ገብ የሚለው ስም ወደ ታችኞቹ ክፍሎች ተመልሷል። ስሙ ሲለዋወጥ ትምህርቱ በየዘመኑ የሚጠይቀው ታዛዥነት ግን ባለቤቱን ብቻ ሲቀይር ይታያል።

በወሎ ይህ የቃል ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረኀቡ በበረታበት ጊዜ ከገጠር የተሰደዱ ገበሬዎች በኮምቦልቻና በደሴ በሚያልፈው ዋና መንገድ ዳር ይታዩ ነበር። በዚያው ጊዜ በክፍል ውስጥ ግብረ ገብ ይሰጥ ነበር። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምን ጨምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በ1965 ዓ.ም. ወደ ወሎ ተጉዘው ያነሡትን ፎቶግራፍ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ለእይታ አቀረቡ፤ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ደግሞ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ከሁለቱ የቃሉ ፊቶች የትኛው በዚያ ወቅት ግብረ ገብ ለመባል እንደሚበቃ ለመለየት መዝገበ ቃላት ማገላበጥ አያስፈልግም። አንዱ ዝምታንና መታዘዝን ይጠይቅ ነበር፤ ሌላው ሄዶ ማየትንና መናገርን።

«ይገባል»

የጥምር ቃሉ ሁለተኛ ክፍል «ገብ» ነው፤ «ገባ» ከሚለው የአማርኛ ግሥ የወጣ። ሥሩ ከ«ገብረ» ጋር አንድ አይደለም፤ ድምፁ መቀራረቡ ሊያሳስት አይገባም። አዲስ ገብ፣ ጣልቃ ገብ፣ ሰርጎ ገብ የሚሉት ቃላት እንደሚያሳዩት «ገብ» ወደ አንድ ነገር ውስጥ የዘለቀውን ሰው ያመለክታል። በዚህ መሠረት ግብረ ገብ ወደ ግብር የገባ፣ ከቃል አልፎ በሥራ ውስጥ የተገኘ ሰው ነው።

ገባ የሚለው ግሥ ግን በአማርኛ ከመግባት በላይ ይሠራል። «ነገሩ ገባው» ማለት ተረዳው ነው። «ይገባዋል» ማለት ደግሞ እንደ አገባቡ ይረዳዋል፣ ድርሻው ነው፣ ወይም ማድረግ አለበት ነው። ተገቢ፣ አግባብ፣ የማይገባ ሥራ የሚሉት ሁሉ ከዚሁ የወጡ ናቸው። ቃል ይገባል፤ ውል ይገባል። ሌሎች ቋንቋዎች ግዴታን የሚገልጹበት ምሳሌ የተለየ ነው። በግእዝ «ይደሉ» የሚለው ቃል መመዘንን ከሚያመለክት ግሥ የወጣ ስለሆነ የሚገባው ነገር በሚዛን ላይ የተቀመጠ ነው። በእንግሊዝኛ ግዴታን የሚያመለክተው ረዳት ግሥ በጥንቱ የዕዳ ቃል ነበር። አማርኛ ሚዛኑንም ዕዳውንም ትቶ በር መረጠ። የሚገባኝ ነገር ወደ እኔ የሚገባ ነው፤ የገባኝም ነገር ወደ እኔ የገባ ነው።

መረዳትና ግዴታ በአንድ ግሥ መገኘታቸው ለአማርኛ ተናጋሪ የተለመደ ስለሆነ አያስደንቅም። ለፍልስፍና ተማሪ ግን ሊያስደንቅ ይገባል። ሶቅራጥስ በጎነት ዕውቀት ነው ወይ ብሎ የጠየቀውን ጥያቄ ቋንቋው ሳይጠየቅ በአንድ ቃል አስቀምጦታል። «አልገባውም» የሚባለው ልጅ ትምህርቱ ያልገባው ሊሆን ይችላል፤ ነውረኛ ሥራ ሠርቶ ጥፋቱን ያላወቀም ሊሆን ይችላል።

ከዐረብኛ የመጣው «ሐቅ» በዚህ ረገድ የይገባል ወንድም ነው። በመነሻው እውነትንም መብትንም ያመለክታል፤ በወሎ አማርኛም «ሐቁን ተናገረ» እና «ሐቁን ሰጠው» የሚሉት ሁለት አገልግሎቶች ሳይጋጩ ይኖራሉ። ሐቀኛ ሰው እውነቱን የሚናገርና የሰው ድርሻ የማያስቀር ነው።

መልክና ነውር

ሥነ ምግባር የሚለው ስያሜ ከግብረ ገብ ይልቅ ዘመናዊ መስሎ ይሰማል፤ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ውስጥም የበላይነቱን ይዟል። «ሥን» በግእዝ ውበት ነው። ሥነ ጽሑፍ፣ ሥነ ልቦና፣ ሥነ ፍጥረት እያሉ በሚደረደሩት ስሞች «ሥነ» ጥናትን የሚያመለክት ምልክት ሆኖ ስለ ደነዘዘ ውበቱ አይታይም እንጂ ቃሉ በቀጥታ ሲነበብ የምግባር ውበት ማለት ነው።

ይህ ብቻውን ቢሆን በአጋጣሚ ሊታለፍ ይችል ነበር። ነገር ግን የአማርኛ የግብረ ገብ ቃላት በብዛት ከዐይን ጋር የተያያዙ ናቸው። መልካም የሚለው ቃል «መልክ» ከሚለው ስም እንደ ሀብታም፣ እንደ ጕልበታም የተሠራ ነው፤ መልክ ያለው ማለት ነው። ነውር ደግሞ በመነሻው የአካል እንከን ነው፤ በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ለመሥዋዕት የሚቀርበው በግ ነውር የሌለበት እንዲሆን መታዘዙ ይህን ጥንታዊ ትርጕም ጠብቋል። መልካም ሥራ መልክ ያለው ሥራ፣ ነውር የሆነ ሥራም እንከን ያለበት ሥራ ነው ማለት ነው። እንከን የሚታየው ደግሞ ተመልካች ሲኖር ነው። ወሎ በዘፈን ሁሉ ስለ ውበቱ ሲነገርለት ይኖራል፤ ቋንቋው ይህን ውበት ለፊት ብቻ ሳይሆን ለሥራም መስጠቱ ግን እምብዛም አይወሳም።

እነዚህ ቃላት ከተመልካቹ ሲነጠሉ ምን እንደሚሆኑ ኮምቦልቻ ላይ ማየት ይቻላል። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቍልቍል የምትገኘው ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የቢራ ፋብሪካና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። በፋብሪካና በቢሮ ቋንቋ የሥነ ምግባር ጕድለት ማለት መዘግየት፣ መቅረት፣ የአለቃን ትእዛዝ አለመፈጸም ነው፤ በ1993 ዓ.ም. የተቋቋመው የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን ስያሜ ደግሞ ቃሉን ከጉቦ ጋር አቆራኝቶታል። ከገጠር ወረዳ መጥታ በኪራይ ቤት የምትኖር የፋብሪካ ሠራተኛ «ሥነ ምግባር» ስትባል ሰዓት መቈጣጠሪያው ትዝ ቢላት አያስወቅሳትም። «ነውር» ስትባል ትዝ የሚላት ግን እናቷ፣ ጎረቤቷ፣ የቅሬው ሰው ነው።

ቅሬ በሌላው አካባቢ እድር የሚባለው የቀብርና የመረዳጃ ማኅበር የወሎ ስሙ ነው። በብዙ ሰፈር ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቅሬ ይታቀፋሉ፤ የአንዱን ሬሳ ሌላው ይሸኛል፤ ለቀብር ያልተገኘ ይቀጣል። የመጨረሻው ቅጣት ከቅሬ መውጣት ነው። ከቅሬ የወጣ ሰው ሲሞት የሚቀብረው የለም ማለት ስለሆነ ቅጣቱ ከሕግ ቅጣት ይልቅ ይፈራል። ነውር የሚለው ቃል ጕልበቱን የሚያገኘው ከእንዲህ ያለ ተቋም ነው።

«አደብ» በወሎ

አራተኛው ቃል አደብ ከዐረብኛ የመጣ ነው። የጥንት የዐረብኛ ሊቃውንት ቃሉን ለግብዣ ከመጥራት ጋር ያያይዙታል፤ «መእዱባ» ለእንግዳ የሚዘጋጅ ግብዣ ነው። ቮለርስና ናሊኖ የተባሉት የአውሮፓ ምሁራን ግን አደብ «ደእብ» ከሚለው፣ ልማድ ማለት ከሆነው ቃል ብዙ ቍጥር ተመልሶ የተሠራ ነጠላ ስም ነው ብለዋል። የእነርሱ አስተያየት ከተያዘ አደብ የላቲኑ «ሞስ» መንትያ ይሆናል። በዐረብኛ ቃሉ ቀስ በቀስ ከወረሱት ልማድ ወደ አስተዳደግ፣ ከአስተዳደግ ወደ ጨዋነት፣ ከዚያም ወደ ሥነ ጽሑፍ ተዘርግቷል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተተረጐመው፣ ክላውድ ሰምነር በሰፊው ያጠናው መጽሐፈ ፈላስፋም ዐረቦች «አዳብ» ከሚሉት የጥበብ ንግግሮች ስብስብ ወግ የተቀዳ ነው። ሐሳቡ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በመስጊድ በኩል ብቻ አይደለም ማለት ነው።

በወሎ ግን ዋናው መንገድ የሸኾቹ ደረሳ ቤት ነበር ብሎ ማሰብ ያስኬዳል። የታሪክ ተመራማሪው ሑሴን አሕመድ በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ታሪክ እንደሚታየው፣ እንደ ጀማ ንጉሥ፣ እንደ ጌታና እንደ ሾንኬ ያሉት ማእከላት የትምህርት፣ የዝየራና የሽምግልና ስፍራዎች ነበሩ። በሱፊ ትምህርት ደረሳ በሸኹ ፊት የሚቆምበት፣ የሚቀመጥበት፣ የሚናገርበት ሥርዐት አደብ ይባላል። ሸኽ ጦልሃ ጃዕፈርን የመሰሉ ሊቃውንት በዐረብኛ ፊደል አማርኛ መግጠማቸውም ትምህርቱን ዐረብኛ ለማያነበው አደረሰ። መንዙማ የሚሰማ ገበሬ ቃሉን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዜማ ወሰደው።

ዛሬ ደሴ ውስጥ ክርስቲያን እናት ልጇን «አደብ ግዛ» ስትል ዐረብኛ እየተናገረች እንደሆነ አይሰማትም። አገላለጹ ራሱ ሙሉ በሙሉ አማርኛ ነው። «ገዛ» ዋጋ ከፍሎ የራስ ማድረግም፣ በሥልጣን ሥር ማዋልም ነው፤ «ልብ ግዛ» በሚለው አነጋገር ውስጥ ሁለቱም ይሰማሉ። አደብ ከውጭ የሚገኝ፣ ዋጋ የሚከፈልበት፣ ከተያዘ በኋላ ግን የያዘው ሰው ራሱን የሚገዛበት ነገር ሆኖ ተቀምጧል። በመድረሳ ከአደብ ጋር አብሮ የሚነገረው «አኽላቅ» ግን ከቤት ንግግር ያን ያህል አልገባም። አኽላቅ ከመፍጠር ሥር የወጣ፣ የሰውን ውስጣዊ አፈጣጠር የሚመለከት ቃል ነው፤ «ሑስነል ኹሉቅ» የሚለው አነጋገርም የጠባይ ውበት ማለት ስለሆነ ከሥነ ምግባር ጋር በሥር ሳይዛመድ በሐሳብ ይገጥማል።

ኦሮምኛም በዚህ ምድር ላይ የራሱ ቃል አለው። «ሰፉ» የሚባለው የነገሮችን ተገቢ ርቀትና ክብር የመጠበቅ ሐሳብ ለብቻው ጥናት የሚፈልግ በመሆኑ እዚህ ላይ ከመጥቀስ አይታለፍም።

አይጠየፍ

ግብር በቤተ መንግሥት አማርኛ ታላቅ ግብዣም ነው፤ እንግዶች ወደ አዳራሽ ሲገቡ «ግብር ገባ» ይባል ነበር። የዐረብኛው አደብ ከግብዣ ጋር መያያዙና የአማርኛው ግብር ግብዣ መሆኑ የዘር ዝምድና አይደለም። ነገር ግን ሰው ከማን ጋር እንደሚበላ፣ ምን እንደሚበላና በማን እጅ እንደታረደ የሚጠነቀቅበት ማዕድ በሁለቱም ባህሎች የጠባይ መፈተኛ መሆኑን ያስታውሳል። ወሎ ውስጥ ይህ ፈተና በየሠርጉና በየሐዘኑ አለ፤ ክርስቲያኑ ባለቤት ለሙስሊም እንግዶቹ በሙስሊም ጎረቤቱ እጅ ያሳርዳል፤ ሙስሊሙም እንዲሁ ለክርስቲያን እንግዶቹ ያደርጋል።

ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» ነው። ቃሉ «ተጸየፈ» ከሚለው ግሥ የ«ጸ» ድምፅ በአማርኛ ወደ «ጠ» ሲለወጥ የሚገኝ ነው፤ ማንንም አይንቅም፣ ከማንም አያፈገፍግም ማለት ነው። ንጉሡ ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በፊት መሐመድ አሊ ይባሉ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በ1906 ዓ.ም. ነገሡ። በቦሩ ሜዳ የተጀመረው የሃይማኖት ግፊት በወሎ ሙስሊሞች ላይ ያደረሰው መከራ ይታወቃል፤ የአዳራሹ ስም ያንን አይሽርም። ሁለቱንም ማዕድ በሕይወታቸው ያወቁ ሰው የበሉበት አዳራሽ በዚህ ስም መጠራቱ ግን ለግብረ ገብ ተመራማሪ ትልቅ ፍንጭ ነው። ስሙ መጸየፍን እንደ በጎነት አይቈጥርም፤ ድል እንደሚነሣ ድክመት ይቈጥረዋል።

ይህ ነጥብ ወደ መጠይቁ ይመልሳል። በሥነ ልቦና ጥናት በስፋት የሚሠራበትና ጆናታን ሃይት፣ ጄሲ ግራሃምና ባልደረቦቻቸው ያዘጋጁት የግብረ ገብ መሠረቶች መጠይቅ ንጽሕናን ከመሠረቶቹ እንደ አንዱ ይይዛል፤ አንድን ድርጊት ለመፍረድ «የሚያስጸይፍ ነገር ተፈጽሟል ወይ?» የሚለው ምን ያህል እንደሚያመዝን መልስ ሰጪውን ይጠይቃል። በዚህ መጠይቅ ለመጸየፍ ክብደት የሰጠ ሰው ለንጽሕና መሠረት ከፍተኛ ነጥብ ያገኛል። ደሴ ውስጥ ግን «ጸያፍ» የሚለው ቃል ነገርን፣ ንግግርንና ሥራን ሲነካ ተገቢ ፍርድ ነው፤ «ተጠየፈ» ሰውን ሲነካ ግን ራሱ ነውር ነው። ዓረፍተ ነገሩ በቀጥታ ከተመለሰ መልስ ሰጪው የትኛውን እንደመለሰ ማወቅ አይቻልም። ጎረቤቱን የማይጠየፍ ሰው ንጽሕና የማያስጨንቀው ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። ስሕተቱ የሒሳብ ስላልሆነ ናሙናውን በማብዛት አይታረምም።

በዚህ ምክንያት «ሞራል» የሚለው ቃል ለመልስ ሰጪ በሚቀርብ ጽሑፍ ውስጥ ጨርሶ ባይገባ ይመረጣል፤ በተመራማሪዎች መካከል በሚደረግ ውይይት ቢቀር ጉዳት የለውም። «ግብረ ገብ» እና «ሥነ ምግባር» የመማሪያ ክፍልንና የመሥሪያ ቤትን መልስ ያመጣሉ፤ የሚፈለገው እርሱ ከሆነ ትክክለኛ ቃላት ናቸው። የኑሮን መልስ የሚያመጡት ነውር፣ አደብ፣ ሐቅ እና ይገባል ናቸው። «ግብረ ገብነት ምንድን ነው?» ብሎ ከመጀመር ይልቅ «በዚህ ሰፈር ነውር የሚባለው ምንድን ነው? ማንስ ነው ነውር ነው የሚለው? ያደረገውን ሰው ምን ያደርጉታል?» ብሎ መጀመር፣ ስሙን ትቶ ድርጊቱን መያዝ ነው፤ የ«ግብር» ሥርም ይህንኑ ይፈቅዳል። በእንግሊዝኛ የተረቀቀው ጽሑፍ ወደ አማርኛ ከተመለሰ በኋላ ዋናውን ባላየ ሰው ተመልሶ ወደ እንግሊዝኛ እንዲተረጐም ማድረግ የተለመደ ማጣሪያ ነው፤ «ሞራል» ግን በዚህ ወንፊት ያልፋል፤ ሁለቱም ተርጓሚዎች የተማሩ ስለሆኑ ቃሉን ሳይጠራጠሩ ይመልሱታልና። የሚይዘው ጥቂት መልስ ሰጪዎችን ጥያቄው ምን ማለት እንደመሰላቸው በራሳቸው አነጋገር እንዲያስረዱ ማድረግ ነው። እነዚህም ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ሳይሆን ከገበያና ከፋብሪካ በር የተመረጡ ቢሆኑ ይሻላል።

«ይገባል» የሚለውም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል። «ይህ አይገባም» ተብሎ በተቈረጠ አጭር ዓረፍተ ነገር ፊት «በጣም እስማማለሁ» የሚለውን የመረጠ ሰው ድርጊቱን ያወገዘ ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው ያልገባውም ሊሆን ይችላል። «ማድረግ አይገባም» ተብሎ ግሡ ከተጨመረ አሻሚነቱ ይወገዳል።